ቀበቶ የፈታና አሉንካ የተሸከመ

የእህቴ ልጅ ለጊቡሽ፣ ለእስራኤል ጦር ልዩ ክፍሎች ማጣሪያ፣ ተጠራ። ገና አሥራ ስምንት አልሞላውም። እሱ ደስታውን አልቻለውም፤ እናቱ ደግሞ እንቅልፍ አጣች። ማታ ደወለችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ አልፈህበታል። እዚያ ልጆቹን እርስ በርስ ያደባድቧቸዋል የሚባለው እውነት ነው?»

«የለም» ብላት ውሸት ይሆናል። «አዎ» ብላት ልጁን በር ዘግታ ታስቀረዋለች። «እጽፍልሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። እግረ መንገዱን ሌላውም ያንብበው።

ለማያውቀኝ፦ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጣሁ የጎንደር ልጅ ነኝ። ያኔ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ እስራኤል ገባ። እኔ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ካራቫን የሚባለው ጊዜያዊ መኖሪያ፣ ከካራቫን ፕኒሚያ፣ ማለትም አዳሪ ትምህርት ቤት። ብዙዎቻችን ያለፍንበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ወታደር ሆንኩ። የነበርኩበትን ክፍል ስም አልጠራም። ከልዩዎቹ አንዱ ነው፣ ይበቃል። የማወራው ስለ ሰዎች ነው፤ ሰዎቹም አሁን ድረስ ስልኬ ውስጥ አሉ።

ጊቡሽ ማለት ልዩ ክፍል ለመግባት የሚደረግ ማጣሪያ ነው። ለጥቂት ቀናት አሸዋ ላይ ያንከባልሉሃል። ስም የለህም፤ ልብስህ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ነህ። ሰዓት ማሰር አይፈቀድም። «ያን የአሸዋ ክምር ዞራችሁ ተመለሱ» ይሉሃል። ትመለሳለህ። «እንደገና።» ስንት ዙር እንደቀረ ማንም አይነግርህም። ቀድመው የደረሱት አራቱ አሉንካውን ያነሳሉ። አሉንካ ቃሬዛ ነው፤ ላዩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ተጭኗል። ቀጥለው የደረሱት የውሃ ጀሪካን ይይዛሉ። የቀረው ባዶ እጁን ይሮጣል። አያችሁት? የሮጠ ሰው ሽልማቱ ሸክም ነው። ባዶ እጁን የሚሮጠው ነው የሚያፍረው።

መዛኞቹ ደብተር ይዘው ዳር ላይ ይቆማሉ። አይሳደቡም። አይነኩህም። አንዳንዴ ብቻ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «እዚያ ጥላው ሥር ቀዝቃዛ ውሃ አለ፤ ይበቃኛል የሚል ሰው መሄድ ይችላል» ይላሉ። ያ ረጋ ያለ ድምፅ ከጩኸት ይከብዳል። ብዙ ጠብደል ጠብደል ልጅ ለዚያ ድምፅ እጁን ሲሰጥ አይቻለሁ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን አሸዋው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ወረቀት ይታደላል፤ ሶስዮሜትሪ ይባላል። ቡድንህ ውስጥ ያሉትን ልጆች አንተ ራስህ ደረጃ ትሰጣቸዋለህ። ማን አንደኛ፣ ማን መጨረሻ። እነሱም ለአንተ ይሰጣሉ። እንግዲህ እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት ነው። ድምፅ ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው። ሳይጠሩህ አቤት አይባልም። እዚያ ደግሞ ከኪቡጽ፣ ማለትም ከጋራ እርሻ መንደር፣ እና ከትልልቅ ከተማ የመጡት ልጆች አንዱ በሌላው ላይ እየተንጫጩ፣ «እኔ እመራለሁ! አንተ ወደዚህ! አንተ ወደዚያ!» ይላሉ። አንዱ መዛኝ ጠራኝና «ለምንድን ነው የማትናገረው?» አለኝ። «አልጠየቃችሁኝም» አልኩት። ሳቀ። የጻፈውን አላየሁም፤ አለፍኩ።

እህቴ ሆይ፣ ለልጅሽ ከዚህ የሚሆነው ምክር አንድ ነው። ጨዋነቱን ቤት ይተወው፤ ሲመለስ ያገኘዋል። ዝም ያለ ልጅ እዚያ ደካማ ይመስላል።

ከጊቡሽ ቀጥሎ ቲሮኑት አለ፣ መሠረታዊ ሥልጠናው። አሠልጣኙ ሜፋኬድ ይባላል፤ ከእሱ ጋር ያለህ ርቀት ደግሞ ዲስታንስ። የአባት ስሙን ተወው፣ የራሱንም ስም አታውቅም። «አዎ ሜፋኬድ፣ አይ ሜፋኬድ» ብቻ። አይስቅልህም፤ ፊቱ ድንጋይ ነው። በሠላሳ ሴኮንድ ያንን ዛፍ ነክታችሁ ተመለሱ ይላል፤ ዛፉ በአርባ አይደረስም። መልሶ ይልካችኋል። እኔ ሰውዬውን ከልቤ ጠላሁት። ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ በአማርኛ ስሰድበው ነበር፤ አማርኛ ለዚህ ይመቻል፣ ማንም አይሰማህም።

ነገር ግን የእሱ ጭካኔ ሕግ ነበረው። ስድስት ሰዓት እንቅልፍ መብታችን ነበር፤ ደቂቃ ብትጎድል እሱ ነው የሚጠየቀው። ሙቀቱ ከተወሰነ በላይ ሲሆን ሩጫ ይቆማል። ውሃ በግዳጅ ይጠጣል፤ ኮዳውን ገልብጠህ ባዶ መሆኑን ታሳያለህ። ወታደር መንካት አይችልም፤ የጠመንጃ ማንገቻህን ሊያስተካክል ሲፈልግ እንኳ «ልንካህ?» ብሎ ያስፈቅዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ሁሉ ነገር ማብቂያ ነበረው። አንድ ማታ መጥቶ ከእኛ ጋር መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ዲስታንስ የሚሰበርበት ማታ ነው። ስሙን ነገረን። በላስቲክ የታሸገ የቸኮሌት ወተት አደለን። ዕድሜው ለካ ከእኛ የሚበልጠው በአንድ ዓመት ተኩል ነው! የእያንዳንዳችንን ቤት ያውቅ ነበር። ካራቫን ውስጥ ማደጌን፣ አባቴ ሥራ እንደሌለው፣ ሁሉንም። እኔ ስሰድበው እሱ ለቤተሰቤ እርዳታ እንዲሰጥ ወረቀት ሲሞላ ነበር።

እንግዲህ ይህ አንደኛው ጭካኔ ነው። ሁለተኛው ሌላ ነው፤ ሰዎች የሚያምታቱት እዚህ ላይ ነው።

ቲሮኑት አልቆ ወደ ዋናው ክፍል ስትገባ ነባሮች አሉ። አንተ «አዲስ» ነህ። ማን መቼ ገባ የሚለው ነገር ፓዛም ይባላል፤ በፓዛም የሚበልጥህ ሰው ማዕረጉ ካንተ እኩል ቢሆንም ጌታህ ነው። ሻወር ቀድሞ ይገባል። ሶፋው ላይ አንተ አትቀመጥም። ወጥ ቤት ተረኛ ሲጎድል አንተ ትሄዳለህ። ይሄ እንኳ ይሁን። ሹም ሳያውቀው፣ ወይም እያወቀ ሳያይ፣ በሌሊት የሚደረግ ነገር ግን አለ። ዙቡር ይሉታል፤ የአቀባበል ሥነ ሥርዓት መሆኑ ነው።

የኛ ቀን የመጣው ከአንድ ከባድ ሳምንት በኋላ ነው። ከአልጋ ጎትተው አወጡን። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ዱቄት፣ ከዚያ እንቁላል። እስከዚህ ድረስ እኔም ስቄያለሁ። ዱቄት ተነስንሶብኝ አንዱ ነባር «በቃ አሁን አንድ ሆንን» ሲል፣ እውነት ለመናገር፣ ቀልዱ አሳቀኝ። ጥቁሩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀጥሎ «ኩሺ» የሚለው ቃል መጣ፤ የጥቁር ሰው ስድብ ነው። እሱንም ለምጄዋለሁ። ዕብራይስጥ የሚያውቅ ሰው የቃሉን ክብደት ያውቃል። ከዚያ ግን ቀበቶ ተፈታ።

ሁሉም አልተመታም። ይህን ልብ በሉ። ከመጡት አዲሶች ውስጥ ቀበቶ የደረሰው ለእኔና ለሩሲያዊው ነው። ሩሲያዊው ከእናቱ ጋር ብቻውን የመጣ፣ ቀጭን፣ መነጽራም ልጅ ነበር። እኛ ሁለታችን ምን ያመሳስለን ነበር? እዚያ ክፍል ያለፈ ታላቅ ወንድም የለን። ስልክ ደውሎ «ልጄን ማን ነካው?» የሚል አባት የለን። አባቴ ዕብራይስጡ ዳቦ ከመግዛት አያልፍም። የሚመታውን የሚመርጥ ሰው ጅል አይደለም፤ የማን ጀርባ ባዶ እንደሆነ በደንብ ያውቃል።

በልቤ የቀረው ደግሞ ነባሮቹ አይደሉም። ከራሳችን ቡድን አንድ የኪቡጽ ልጅ ነበር። ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሳቁ ቅርብ። «ኪቡጹ» እያልን ነው የምንጠራው። ነባሮቹ «ያዘው» ሲሉት የሩሲያዊውን እግር ያዘ። አልመታም። ያዘ ብቻ። በማግስቱ ማንም ምንም አላወራም። ሩሲያዊው ሆዱ ላይ ተኝቶ ነው ያደረው።

አቤት የሚባልበት ቦታ አለ። እስራኤል ውስጥ የወታደሮች አቤቱታ ኮሚሽነር የሚባል ቢሮ አለ፤ አለቃህን ሳታስፈቅድ በቀጥታ ትጽፋለህ። ዙቡር በጦሩ ሕግ ክልክል ነው፤ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የቆሙበት ሰዎች አሉ። እኛ አልጻፍንም። ጆሮ ጠቢ ተብሎ ሦስት ዓመት ማን ይኖራል? እነዚያ ሰዎች ነገ በጨለማ ከኋላዬ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ይዘው የሚሄዱ ናቸው። የዙቡር ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ሕይወትህ በእጃቸው መሆኑን እነሱም ያውቃሉ፣ አንተም ታውቃለህ።

ከዚያ የኩምታው ጉዞ መጣ። ኩምታ የክፍሉ መለያ ቆብ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ትጓዝና ጠዋት ትቀበለዋለህ። እንደ ክፍሉና እንደ ዘመኑ ይለያያል እንጂ ሃምሳ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ነው። ጦር መሣሪያ፣ ሬዲዮ፣ ውሃ፣ ሁሉም ከነሸክሙ። የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ «አሉንካ ክፈቱ!» ይባላል። አሁን የሚጫነው አሸዋ አይደለም፣ ሰው ነው። አራት ሰው በትከሻው ይሸከማል። የደከመው «ማህሊፍ!» ብሎ ይጮኻል፤ ተተካልኝ ነው። ከኋላው ያለው ሮጦ ትከሻውን ከእጀታው ሥር ያስገባል።

በዚያ ሰዓት ላይ ሰው ይታያል። ጩኸቱን ሰምቶ ጫማውን ማሰር የሚጀምር አለ። ወደ ዳር ጠጋ ብሎ ውሃ የሚጠጣ አለ። ሳይጠሩት የሚገባ አለ። ከነባሮቹ ጋር አብሮ በጣም የሚስቀው አንዱ የቡድናችን ልጅ ያን ሌሊት ከአሉንካው ጀርባ እንጂ ሥሩ አልታየም። ሩሲያዊው መነጽሩ በላብ ጠፍቶበት እየተደናበረ ገባ፤ ወጣ፤ ተመልሶ ገባ። እኔ ቁርጭምጭሚቴ ተጠማዘዘ። «ማህሊፍ» ለማለት አፌ እንቢ አለ። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ደከመኝ አይልም ተብለን አይደል ያደግነው? አጠገቤ የነበረው ኪቡጹ አየኝ። ምንም አልተናገረም። መሣሪያዬን ከአንገቴ አውልቆ በራሱ ላይ ደረበና ትከሻዬን ገፋ አድርጎ ቦታዬን ያዘ። ከዚያ እስከ ዳገቱ ጫፍ ማንንም ተተካልኝ አላለም።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ወላጆች ይጠብቃሉ። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዶሮ ወጥ በፔርሙዝ፣ እንጀራ በመሶብ ይዛ ቆማለች። ያ ሁሉ ሰው በሳንድዊች ሲቆም የእኛ ሠፈር ሙሉ ድግስ ነበር። ኪቡጹ ሁለት መሣሪያ ታንቆ መጣ። እናቴ አየችውና «ይሄ የሰው ልጅ ምነው እንዲህ ተጎዳ» ብላ አንገቱን ይዛ ጉርሻ አጎረሰችው። ልጁ ጉርሻ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አፉን ሊዘጋ ሲል ሁለተኛው ገባ። በርበሬው እንባ አስመጣው። እናቴ ደግሞ በደስታ ያለቀሰ መስሏት እሷም አለቀሰች። አባቴ ከኋላ ቆሞ «ይህ ጎበዝ ነው» አለኝ። የዚያን የቀበቶ ሌሊት ነገር አልነገርኩትም። ዛሬም አያውቅም።

እስካሁን የሚጣሉኝ ሰዎች እንዲህ ይላሉ፦ «አየህ? ዙቡሩ ነው ያዋደዳችሁ። አብሮ የተመታ አብሮ ይቆማል።» ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ያልተመቱት ናቸው። እኔ ግን የማየው ቅደም ተከተሉን ነው። ኪቡጹ መሣሪያዬን የወሰደው የሩሲያዊውን እግር ስለያዘ ነው? እግር ባይዝ አይወስድም ነበር? አሉንካው ሁላችንንም በእኩል ጨቆነ፤ ኪሎው ዘር አይመርጥም። ቀበቶው ግን መረጠ። አሉንካው የሠራውን ፍቅር ቀበቶው በስሙ አስመዘገበ፤ የኔ ክርክር ይሄው ነው።

ይህ የእስራኤል ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሊ፣ ባማኮ ውስጥ ሎጋን ሜልጋር የሚባል የአሜሪካ ልዩ ኃይል ወታደር በራሱ ወገኖች እጅ ሞተ። ካጠቁት ሁለቱ የባህር ኃይሉ ልዩ ክፍል አባላት፣ ሁለቱ የማሪን፣ ማለትም የባህር ወለድ ጦሩ፣ ልዩ ክፍል አባላት ነበሩ። ሌሊት በሩን ሰብረው ገብተው አንቀው አሰሩት። በፍርድ ቤት «ልናዋርደው፣ ልንቀጣው እንጂ ልንገድለው አልነበረም» የሚል ነገር ነው የቀረበው። እነዚህ ሰዎች ምርጥ ከሚባሉት ውስጥ የተመረጡ ናቸው። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ፓሪስ አይላንድ በሚባለው የማሪን ማሠልጠኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ አሠልጣኝ ሥርዓት ላስተምራቸው ብሎ ምልምሎቹን በሌሊት ረግረግ ውስጥ አስገባ። ስድስቱ ሰምጠው ቀሩ። ያ እንኳ የእርስ በርስ ሳይሆን የአለቃ ጭካኔ ነው። ልጓም የሌለው የአለቃ ጭካኔ ማለቴ ነው።

አጎቴ በደርግ ጊዜ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነ ሚሊሺያ ነበር። እነዚያ ሦስት መቶ ሺህ ተብለው አብዮት አደባባይ የተሰለፉት። የዙቡሩን ነገር የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነው። ፂሙን እያሻሸ ሰማኝና «እኛ ማን ጊዜ ኖሮት! አንድ ኒያላ ሲጋራ ለስድስት እያጨስን ነው ኦጋዴን የገባነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አለቃ ይገርፈን ነበር። ጓድ ጓዱን ግን እንዴት ይገርፋል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የአጎቴን ዘመን ግን አላሳምርም፤ አለቃ ሲገርፍ ምንም ልጓም አልነበረውም።

እኛ ነባር ስንሆን ምን ሆነ? ተከራከርን። ግማሹ «እኛም አልፈንበታል፣ እነሱ ምን ልዩ አደረጋቸው?» አለ። ሩሲያዊው ያን ጊዜ የሬዲዮ ሰው ሆኖ ሁሉም የሚፈልገው ልጅ ነበር። ተነሥቶ ቀበቶውን ፈታና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «መጀመሪያ እኔን ትመታላችሁ» አላቸው። ዱቄትና ውሃ ሆኖ አለቀ። ኬክም ነበረ። ግን ከእኛ ቀጥሎ የመጡት ነባሮች ቀበቶውን መልሰው እንዳወጡት ሰማሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር በአንድ ልጅ ድፍረት አይነቀልም፤ አለቃ ሌሊት ብድግ ብሎ መኝታ ክፍሉን ሲያይ ነው የሚቆመው።

ከአጥሩ ውጭ ወንድማማችነቱ ምን ያህል ይሠራል? እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 ላይ ሆሎን ከተማ ደማስ ፓካዳን ፖሊስ ሲደበድበው የሚያሳየውን ቪዲዮ ሁላችሁም አይታችሁታል። የጦሩን የደንብ ልብስ ለብሷል። የኛው ልጅ። ልብሱ አላዳነውም። በሳምንቱ ቴል አቪቭ ላይ ስንሰለፍ ለቡድናችን ዋትስአፕ ጻፍኩ። አብዛኞቹ አንብበው ዝም አሉ። ኪቡጹ ከሰሜን መኪና ነድቶ መጣ። ራቢን አደባባይ ላይ ፖሊስ ውሃ ሲረጭና የድንጋጤ ቦምብ ሲወረውር አጠገቤ ነበር። ያን ሌሊት ስለ ሩሲያዊው እግር ልጠይቀው አስቤ ነበር። ጫጫታው አላስቻለም።

ባለፈው ክረምት እሱ ራሱ አነሣው። በግሩፑ ላይ አንዱ የድሮ ፎቶ ለጠፈና «ዙቡሩ ነው ወንድማማች ያደረገን፣ የዛሬ ልጆች ቅንጡዎች ናቸው» ብሎ ጻፈ። የሳቅ ምልክት ዘነበ። ሩሲያዊው ምንም ሳይጽፍ ከግሩፑ ወጣ። ወዲያው ኪቡጹ «እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ምኑ ነው የሚያስቀው?» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ለረጅም ሰዓት ማንም አልጻፈም። ለሩሲያዊው እኔ ደወልኩለት፤ አላነሳም። ኪቡጹ ሃይፋ ድረስ ሄዶ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። ሩሲያዊው ወደ ግሩፑ አልተመለሰም። ሦስታችን ብቻ ያለንበት ሌላ ግሩፕ ግን ከፈተ፤ እስካሁን የሚላክበት በአብዛኛው የእግር ኳስ ወሬ ነው።